ክዊስሊንግ ምንድን ነው?

ክዊስሊንግ የአንድ ሰው የቤተሰብ ስም ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስድብ ነው። አገሩን ለወረረ ጠላት ያደረ፣ በወራሪ ጀርባ ታዝሎ ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ማለት ነው። ለእኛ ሰው ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፦ ባንዳ።

ቪድኩን ክዊስሊንግ ኖርዌያዊ መኮንን ነው። የሚያሳዝነው፣ መጀመሪያ ላይ የተከበረ ሰው ነበር፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከታዋቂው ኖርዌያዊ አሳሽና የእርዳታ ሥራ መሪ ከፍሪትዮፍ ናንሰን ጋር ሆኖ ዩክሬን ውስጥ ለተራቡ ሰዎች እርዳታ ያደርስ ነበር። በኋላ የመከላከያ ሚኒስትርም ሆኗል። በ1933 የፋሺስት ፓርቲ አቋቋመ፤ ሕዝቡ ግን ፊት ነሳውና አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኘም።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። ንጉሡና መንግሥቱ ኦስሎን ለቀው እንደወጡ፣ ክዊስሊንግ በዚያው ምሽት ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ የመንግሥት መሪ እኔ ነኝ ብሎ አወጀ። ማንም አልመረጠው! ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ እሱን ከምሾም ዘውዴን እለቃለሁ አሉ። ጀርመኖቹ ራሳቸው ሳምንት ሳይሞላ ገሸሽ አደረጉት። ስሙ ግን አልተረፈም፤ በዚያው ወር የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ «ክዊስሊንጎች» እያለ በብዙ ቁጥር ይጽፈው ጀመር። በ1942 ጀርመኖች መልሰው ሾሙት፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በአገር ክህደት ተፈርዶበት በ1945 ኦስሎ ውስጥ ተረሸነ።

በእንግሊዝኛ የሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ይሄኛው ግን ዛሬ በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ታገኙታላችሁ፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ቀማኛ።

ደግሞ ከሃዲ ሁሉ ክዊስሊንግ አይደለም። ፓርቲውን ጥሎ ሌላ የገባ ፖለቲከኛን ቃሉ አይመለከተውም። አገር የያዘ የውጭ ኃይል መኖር አለበት፣ ለእሱ ያደረ የአገር ልጅም መኖር አለበት። ባንዳም እንዲሁ ነበር። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን ከአገሬው መልምላ የምታዘምተው ጭፍራ መጠሪያ ሲሆን፣ በወረራው ዘመን አርበኛ ለሚወጋ ያገር ልጅ ስድብ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ፌስቡክ ላይ በሐሳብ ያልተስማማ ሁሉ ባንዳ ሲባል ሳይ ያመኛል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ዱር ለዱር የተንከራተቱት አርበኞች ይህን ቃል ሲናገሩ ከፊታቸው የቆመውን፣ ጠመንጃ የደገነባቸውን ሰው እያዩ ነበር። እንዲህ የሚሳደብ ሲያጋጥማችሁ፣ ወራሪው የታል በሉት።