«የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ»

ይህን አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስታውሰው ከተበላን በኋላ ነው። የዕቁብ ዳኛው ብር ይዞ ሲሰወር፣ ወዳጅ ያልነው ሰው ምሥጢራችንን ሲዘራው፣ «ለካ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ኖሯል!» እንላለን። የዋህ መስሎ የሚጎዳ ማለታችን ነው። የመጣበት ቦታ ግን ከዚህ ጠበብ ይላል።

ምንጩ ማቴዎስ 7፥15 ነው፤ የተራራው ስብከት ሊያልቅ ሲል። «የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡባችሁ በውስጣቸው ግን ነጣቂዎች ተኩላዎች ከሆኑ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ።» ነገሩ ስለ ከዳተኛ ጓደኛ አይደለም። በእግዚአብሔር ስም ስለሚናገር ሰው ነው።

ከኤሶፕ ተረት የመጣ የሚመስለው ሰው አለ። ተረቱ በጽሑፍ የሚገኘው ግን ከወንጌሉ ሺህ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ደግሞም በተረቱ እረኛው ለራት በግ ሊያርድ ገብቶ፣ ሳያውቅ ተኩላውን ያርደዋል። ወንጌሉ እንዲህ ዓይነት ዕድል ጠብቁ አይልም። ራሳችሁ ለዩ ነው የሚለው።

«ለምድ» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ግሪኩ «የበግ ልብስ» ብቻ ይላል። ተርጓሚዎቻችን ግን የምናውቀውን ነገር አመጡ፤ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረገውን የቆዳ ካባ። ጀግናው የአንበሳ ለምድ ይደርብ ነበር። የቆሎ ተማሪውም ደበሎ የበግ ቆዳ ነው። ወደ መጽሐፉ ስንመለስ ደግሞ ዕብራውያን 11፥37 የጥንቶቹን የእምነት ሰዎች «የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው ዞሩ» ይላቸዋል። ዘካርያስ 13፥4 ላይ ለማታለል ብለው የጠጉር ልብስ መልበሳቸውን ስለሚተዉ ነቢያት እናነባለን። ስለዚህ ለምዱ የተጠቀሰው በግ የዋህ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ቆዳው የነቢይ ዩኒፎርም ነበር! ዛሬ ሱፍና ማይክ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ቀሚስና መቋሚያም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያል? የአነጋገሩን ግማሽ ይዘን ግማሹን ጥለነዋል። ቀጣዩ ቁጥር «ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ። ከእሾህ ወይን ከኩርንችትስ በለስ ይለቀማልን?» ይላል። እኛ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የምንለው ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ፍሬ ሲባል ተአምር ይመስለዋል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 22 ላይ ግን «በስምህ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚሰጣቸው መልስ «ከቶ አላወቅኋችሁም» ነው። ተአምሩ አልቆጠረላቸውም። ፍሬ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ምሽት ፕሮግራም አይታይም።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ነገሩን በጣም ተግባራዊ አድርገውት ነበር። ዲዳኬ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ዘመናት የሥርዓት ጽሑፍ፣ እየዞረ የሚያስተምር እንግዳ ሲመጣ ተቀበሉት ይላል። አንድ ቀን ይደር፤ ካስፈለገም ሁለት። ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድም እስከሚያድርበት የሚበቃውን እንጀራ ብቻ ይያዝ። ገንዘብ ከጠየቀ ያው ሐሰተኛ ነው። ይኼ ደንብ ዛሬ ቢሠራበት የስንቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከስክሪን ላይ ይነሣ ነበር!

አያቴ ዲዳኬን አታውቅም። በሯ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለ ሁሉ ግን ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። አንድ ቀን ደበሎ የለበሰ ጎልማሳ እንጀራውን ከተቀበለ በኋላ «እማማ፣ ስለ እርስዎ ሕልም አይቻለሁ፤ ለስለት የሚሆን ትንሽ ብር ካለ እነግርዎታለሁ» አላት።

«እንጀራውን ብላ ልጄ» አለችው። «ሕልሙን ግን ይዘኸው ሂድ።»