ሌየር ምንድን ነው?

ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ መስታወት የገባለት የአያት ፎቶግራፍ አለ እንበል። ልጅ ማርከር ይዞ መስታወቱ ላይ ጢም ቢስልበት ፎቶግራፉ ምንም አይሆንም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲደረግ ጢሙ ይለቃል። መስታወቱ ባይኖር ግን ጢሙ ያረፈው አያት ፊት ላይ ነበር። በኮምፒውተር ፎቶ ስናስተካክል ሌየር የምንለው ይህንን መስታወት ነው።

ዲጂታል ፎቶ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን በቁጥር ይይዛል። በቀጥታ ፎቶው ላይ ስንቀባ አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ቦታ ይገባል፤ አሮጌው የት ሄደ ቢባል የለም። ሌየር ሲኖር ግን አዲሱ ቀለም ከላይ ባለው ንብርብር ላይ ይቀመጣል፣ የታችኛው ሳይነካ ይቆያል፣ ፕሮግራሙም ሁሉንም ደራርቦ አንድ ምስል አድርጎ ያሳየናል። ጀማሪዎችን ሁልጊዜ ግራ የሚያጋባው ግራጫና ነጭ የዳማ ገበታ የሚመስለው ነገር ሥዕል አይደለም፤ «እዚህ ቦታ ባዶ ነው» የሚል ምልክት ነው፤ ሲታተምም አይወጣም።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። የካርቱን ፊልም ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በፊት ገጸ ባሕርያቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ እየሳሉ ከአንድ የጀርባ ሥዕል በላይ ያነጥፉ ነበር፤ ሰውየው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ተራራውን እንደገና መሳል ቀረላቸው። ፎቶሾፕ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ሌየር አልነበረውም። ያገኘው በ1994 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ጊምፕ የተባለው ፕሮግራምም ይህንኑ ይሠራል፤ ስለዚህ ለመማር ገንዘብ እንቅፋት አይሆንም።

ለጀማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከቤት አሮጌ ፎቶ አምጡና አድሱ። የታጠፈ፣ የተሰነጠቀ፣ ጥጉ የተበላ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ሥራ ልቤን የሰበረ ነገር አይቻለሁ። አንዲት ተማሪ የእናቷን የሠርግ ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ኮፒ ላይ በቀጥታ አስተካክላ፣ በዚያው ስም አስቀምጣ ዘጋችው። በማግሥቱ ስትከፍተው የእናቷ ጉንጭ እንደ ፕላስቲክ ለስልሷል። ወደኋላ የሚመልሰው ትእዛዝ ፋይሉ ሲዘጋ አብሮ ስለሚጠፋ መመለሻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ማንም ተማሪ ባዶ ሌየር ሳይከፍት ብሩሽ አይነካም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ከታች ይቀመጣል፣ በላዩ ባዶ ሌየር ይከፈታል። የማደሻው መሣሪያ፣ ማለትም ከፎቶው ደህና ቦታ ናሙና ወስዶ የተበላሸውን የሚሞላው ብሩሽ፣ ከአንድ ሌየር ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ናሙና እንዲወስድ ይታዘዛል፤ ይህ በፎቶሾፕ «ሳምፕል ኦል ሌየርስ»፣ በጊምፕ «ሳምፕል መርጅድ» ይባላል። ይህች ምልክት ካልተደረገች ባዶው ሌየር ላይ ምንም አይፈጠርም፣ ተማሪውም መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። አሁን ስንጥቁን በትንሽ ብሩሽ፣ ቀስ በቀስ መሙላት ነው። በየመሐሉ ከሌየሩ አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጫኑ። ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይሄዳል። የሠራችሁት ሥራ ልክ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ሁለተኛው ሥራ የእንቁጣጣሽ ካርድ ነው። ልጆች በወረቀት የሳሉት አደይ አበባ በስልክ ፎቶ ይነሣና በካርዱ ላይ ይደረባል። የወረቀቱ ነጭ ግን እንደ ልጥፍ ጨርቅ አብሮ ይመጣል። ብዙ ሰው በላጲስ ዙሪያውን ሲፍቅ ይውላል። የሌየሩን አደራረብ «መልቲፕላይ» ወደሚለው መቀየር ይበቃል። ፕሮግራሙ የላይኛውንና የታችኛውን ነጥብ እርስ በርስ ያባዛል፤ ንጹሕ ነጭ እንደ 1 ስለሚቆጠር በ1 የተባዛ ነገር እንዳለ ይቀራል። ነጩ ይጠፋል፣ የእርሳሱና የቀለሙ መስመር ብቻ ካርዱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ ከታየ አስቀድሞ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ጽሑፉም በራሱ ሌየር ይሁን፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት አበባው ሳይነካ ይታረማል።

ማስክ የሚባለው ደግሞ የሌየር መጋረጃ ነው። በጥቁር የተቀባው ቦታ ይደበቃል፣ በነጭ የተቀባው ይታያል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። ላጲስ ያጠፋል፤ ማስክ ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም።

ስታስቀምጡ ተጠንቀቁ። ጄፔግ የሚባለው የፋይል ዓይነት ሌየሮችን ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል። እሱን ለማሳተምና ለቴሌግራም አድርጉት፤ ለራሳችሁ ግን በፎቶሾፕ ፒኤስዲ፣ በጊምፕ ኤክስሲኤፍ አስቀሩ። አንድ ተማሪ የአያቱን ፎቶ አድሶ፣ አሳትሞ ቤት ወሰደ። እናቱ አይታ «ቅንድቡ ላይ የነበረችው ጠባሳ የት ሄደች?» አለችው። የወረቀት ጭረት መስሎት ነበር የሞላው። በማግሥቱ ፋይሉን ከፈተና፣ በማደሻው ሌየር ላይ ቅንድቡ ጋ ያለችውን ቦታ ብቻ በላጲስ ነካት። ጠባሳዋ ከሥር ብቅ አለች።