ጭነት የበዛበት መኪና ኋላው ሲቀመጥ፦ ከፍታው የሚስተካከል እግር በአዲስ አበባ መሃል

ቅዳሜ ማለዳ ካዛንችስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ለመስክ የሚነሳ መኪና ማየት የተለመደ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ተጨማሪ ጎማ ታስሯል። ኋላው እስከ ጣሪያው ሻንጣ ነው። ሰባት ሰው ተሳፍሯል። የኋላው ጎማ በፓራፋንጎው ሊዋጥ ምንም አልቀረውም። ሾፌሩ የከፍታውን ቁልፍ ወደ ላይ ይጫናል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ወዲያው «እግሩ ሞቷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን አልሞተም። የተጫነበትን መሸከም አቅቶት ነው።

ከፍታው የሚስተካከል እግር የመኪናውን አካል ከመሬት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ በዘይት ይሠራል፣ ቶዮታ ኤኤችሲ ብሎ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ በዋለው ላንድክሩዘር 100 አንዳንድ ሞዴሎች፣ በሌክሰስ ኤልኤክስ 470፣ ቀጥሎም በኤልኤክስ 570 ላይ ይገኛል። ሁለተኛው በነፋስ የሚሠራው ነው። ሬንጅ ሮቨርና ብዙዎቹ የዲስከቨሪ ሞዴሎች በአራቱም ጎማ፣ የፕራዶ ውድ ሞዴሎች ደግሞ ከኋላ ብቻ ይጠቀሙበታል።

አንድ ነገር ቶሎ ላንሳ። ቪ8 የሚባለው ላንድክሩዘር ሁሉ ይህ እግር የለውም። ኬዲኤስኤስ የሚል ምልክት ያለበትም የመኪናውን ማዘንበል የሚቆጣጠር ሌላ ሥርዓት ነው፣ ከፍታ አይቀይርም። የከፍታ መቀየሪያ ቁልፍ ከሌለ የተቀመጠው ኋላ ምክንያቱ ተራ የደከመ ሞላ ወይም ልክ ያለፈ ጭነት ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። በየጎማው ሾክ የሚመስል ሲሊንደር አለ። ከሲሊንደሩ ጋር አንድ የብረት ኳስ ተያይዟል። የኳሱን ውስጥ የጎማ ግርዶሽ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንድ በኩል ናይትሮጅን ጋዝ፣ በሌላው በኩል ዘይት። መኪናው ብሬከር ሲያልፍ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይገፋል፣ ጋዙ ይጨመቃል፣ መልሶም ይገፋዋል። ያ የሚወደደው ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፓምፑ ዘይት ሲልክ መኪናው ይነሳል፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሲመለስ ይወርዳል። መኪናው የት ላይ እንዳለ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት የከፍታ ሴንሰሮች ናቸው፤ በ100ው ላይ ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሞላውን ነው። ይህ መኪና ዘይት ስላለው ሞላ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። በ100ው ላይ ከኋላ ሞላ፣ ከፊት ደግሞ ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ብረት አለ። ክብደቱን ከዘይቱ ጋር ይጋሩታል። ሞላው ከዓመታት በኋላ ሲደክም የጎደለውን ዘይቱ ይሸፍናል። መኪናው በከፍታው ስለሚቆም ማንም ልብ አይልም። ግፊቱ ግን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቷል። በዚህ ላይ ጭነት ሲጨመር ዘይቱ የሚጨምረው አቅም የለውም። ስለዚህ ችግሩ የሚታየው ለመስክ በሚወጣበት ቀን ነው እንጂ የጀመረው ድሮ ነው።

ይህን ኮምፒውተር የሚያስገባ ጋራዥ በደቂቃዎች ያነበዋል። በ100ው ላይ መኪናው ባዶ ሆኖ በመካከለኛ ከፍታው ሲቆም የኋላው የዘይት ግፊት ከ5.6 እስከ 6.7 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው)፣ የፊቱ ከ6.4 እስከ 7.4 መሆን አለበት። የኋላው ባዶውን ከ7 በላይ ካነበበ ፓምፑን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሞላው ይቀየር። ጭነት የሚያበዛ ሰው ጠንከር ያለ ሞላ ማስገባት ወይም በሞላው መሃል እንደ ጎማ የሚነፋ ከረጢት መጨመር ይችላል። የፊቱ ግፊት የሚስተካከለው ቶርሽን ባሩን በመጠምዘዝ ነው።

ጭነቱንስ ማን ይደምረዋል? እስቲ አብረን እንደምር። ሾፌሩን ጨምሮ ሰባት ሰው፣ በአማካይ 70 ኪሎ ብንል 490 ኪሎ። አራት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ። ሦስት ጀሪካን ውሃ 60። ለሰው 15 ኪሎ ሻንጣ ብንይዝ 105። ድንኳንና ማብሰያ 50። ተጨማሪ ጎማ ከነቸርኬው 35፣ ፖርቶመጋላው ራሱ 40። ድምሩ 847 ኪሎ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና የሚፈቀድለት ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 700 ኪሎ አካባቢ ነው። ያውም አብዛኛው የተጫነው ከኋላ አክስሉ በላይና ከጀርባው ነው። እንዲህ ሆኖ ሥርዓቱ አልነሳም ቢል ልክ ነው። አምራቹ የወሰነውን ልክ በሩ ጋ ባለው ጽሑፍ ወይም በመመሪያው ላይ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ ምርመራው ከሜትር ይጀምራል፣ ከካቻቢቴ አይደለም። ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሞ መለካት ከንቱ ነው፣ መንገዱ ራሱ ቁልቁለት ነው። ሜዳ የሆነ ወለል ይፈለግ። የሕንፃ ምድር ቤት ማቆሚያ ጥሩ ነው፣ ፖርቶመጋላው ጣሪያውን አለመንካቱን ግን አስቀድሞ ማየት ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ከፍታው መካከለኛው ላይ ሆኖ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ይለካ። ቁጥሩ ይጻፍ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ጭነቱ ተጭኖ። ሲጫን ወርዶ ትንሽ ቆይቶ ከተመለሰ ደህና ነው። ባዶውን ልክ ሆኖ ተጭኖ ካልተመለሰ ጉዳዩ ጭነትና ሞላ ነው። ባዶውንም ከወረደ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ብልሽት አለ። ያኔ መጀመሪያ የሚታየው የሴንሰሩ ዘንግ ነው። ቀጭን ነው፣ ጭቃና ዝገት ይይዘዋል፣ ከታች ድንጋይ ሲመታው ይታጠፋል። አንዲት የታጠፈች ዘንግ ኮምፒውተሩን ታሳስተዋለች።

ሌላው ስህተት ቁልፉን ከፍተኛው ላይ አድርጎ ከተማ ውስጥ መንዳት ነው። ኤኤችሲ ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲያልፍ ራሱን ወደ መካከለኛው ይመልሳል። ብልሽት አይደለም፣ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው።

መኪናው ይነሳል ይወርዳል፣ ግን ኮብልስቶን ላይ አጥንት የሚሰብር ከሆነስ? ያኔ ኳሶቹ ናቸው። ጋዙ ሲያልቅ ዘይቱ የሚገፋው ለስላሳ ነገር ያጣል፣ መኪናው እንደ ጋሪ ይሆናል። ምርመራው ቀላል ስለሆነ ማንም ባለቤት ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የዘይት ማጠራቀሚያው ላይ የተሰመሩ መስመሮች አሉ። መኪናው ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ሆኖ የዘይቱ ልክ ይታያል፣ ከዚያ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ይታያል። በ100ው ላይ ኳሱ አዲስ ከሆነ ዘይቱ 14 መስመር ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ ከ7 መስመር ካነሰ ኳሶቹ አርጅተዋል። እንደ ልብስ የሚሰፋ ነገር ስላልሆነ ይቀየራል።

ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የወረደ ኳስ ይገኝ ይሆናል። ለሞላ፣ ለቁልፍ፣ ለሴንሰር ያገለገለ መግዛት አያስነውርም። ኳስ ግን ውጭው ቢያበራም ውስጡ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረው በዓይን አይታወቅም። እዚህ ላይ ብሩ ይውጣ እላለሁ። ዘይቱም እንዲሁ። ይህ ሥርዓት የራሱ ዘይት አለው። የፍሬን ዘይት ማስገባት ጎሚኖቹን ያበላሻል፣ ያን ጊዜ ትንሹ ጥገና ትልቅ ይሆናል።

የነፋሱ ዓይነት ጠባዩ ይለያል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት አንድ ጥግ ተቀምጦ ከተገኘ የዚያ ጎማ ከረጢት ወይም ቱቦ ይተነፍሳል። ኦሞ በውሃ አረፋ አድርጎ ከረጢቱ መታጠፊያ ላይና መገጣጠሚያዎቹ ላይ መቀባት ነው፣ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። በዚህ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ኮምፕረሰር ተቃጠለ ሲባል አዲሱን ከመግጠም በፊት ቀዳዳውን መፈለግ ይገባል። አለበለዚያ አዲሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር። ሁለቱም ዓይነት መኪና ሳይታሰብ ሊወርድ ይችላል። በክሪክ ከመነሳቱ በፊት ሥርዓቱ ይጥፋ፣ ሻንሲው ጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ሳይቀመጥ ማንም ሥር አይግባ። የዘይት ቱቦም ግፊቱ ሳይለቀቅ አይፈታም፣ በግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ ይበሳል።

የሚቀረው «ነቅለን በተራ ሾክ እንቀይረው» የሚለው ምክር ነው። ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ቱቦዎቹ በዝገት ከተበሉ ወይም ፓምፑ ከሞተና መለዋወጫው ከጠፋ ምክንያታዊ ነው። ሲደረግ ግን ሾኩ ብቻ ተቀይሮ አይበቃም። ዘይቱ ይሸከመው የነበረውን ድርሻ የሚወስድ ጠንካራ ሞላና ቶርሽን ባር አብሮ መግባት አለበት። ይህ ሲረሳ አዲስ ሾክ የገባለት መኪና በሚቀጥለው ቅዳሜ ካዛንችስ ላይ ያው ኋላው ተቀምጦ ይታያል።