ፖስት ምንድን ነው? «ፎርማት አድርገው» ከማለታችሁ በፊት

ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው ምክር በጠየቀ ቁጥር አንዱ ይፈጥንና «ዊንዶው ክራሽ አድርጓል፣ ፎርማት አድርገው» ይላል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ የአምራቹ ሎጎ እንኳ ብቅ አላለም። ሰሞኑን ደግሞ ይኸው መካሪ አንድ ቃል ተምሮ መጥቷል፦ «ፖስት አላደረገም፣ ስለዚህ ዊንዶው ይጫንበት»። ይሄኛውስ ዝም አያሰኝም።

ፖስት ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው አይደለም። ማሽኑ ሲበራ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ በማዘርቦርዱ ማለትም በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ፕሮግራም) አካላቱን አንድ በአንድ የሚፈትሽበት ሂደት ነው። ቁልፉ ሲጫን ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁን ያረጋጋና «ዝግጁ ነኝ» የሚል የ5 ቮልት ምልክት ለማዘርቦርዱ ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩ ነቅቶ ከማዘርቦርዱ ቺፕ ባዮሱን ማንበብ ይጀምራል። ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ግራፊክሱን፣ ኪቦርዱን አዳርሶ ሲጨርስ ነው ዲስክ ፍለጋ የሚሄደው። ዊንዶውስ ያለው እዚያ ነው።

ታክሲ አስቡ። ሹፌሩ ቁልፍ ቢያዞር ሞተሩ አልነሳም። ረዳቱ «ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው» ብሎ ሁሉንም አውርዶ ሌላ ሰው ቢጭን ምን ትሉታላችሁ? ፎርማት ይኼ ነው። የወረዱት ደግሞ ፎቶዎቻችሁና የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ናቸው፤ ተመልሰው አይሳፈሩም።

«ፋኑ ይዞራል እኮ፣ ፓወሩ ደህና ነው» የሚልም አይጠፋም። የዴስክቶፕ ፋን የሚዞረው በ12 ቮልት ነው። 5 ቮልቱ ወይም 3.3 ቮልቱ ቢወርድ እሱ ምን ገዶት! መብራትና ፋን የሚያረጋግጡት ኤሌክትሪክ መግባቱን ብቻ ነው።

ጭቅጭቁን የሚጨርሰው ሙከራ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ገመዱን ንቀሉ (ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም)፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ዲስኩን አውጥታችሁ አብሩት። ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ከሆነ ዊንዶውስ ጥፋት የለበትም፤ ቤት ውስጥ እንኳ አልነበረም። ሎጎ መጥቶ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለ ፖስቱ ጤነኛ ነው። አንዳንዴ የታመመ ዲስክ ራሱ ፖስቱን አስሮ ይይዛል፤ ሲወጣ ማሽኑ ካለፈ መጠርጠር ያለበት ዲስኩ ወይም ኬብሉ ነው። ያኔም መጀመሪያ ፋይል ማውጣት እንጂ ፎርማት አይደለም።

ፖስት ካላለፈ ከራም ጀምሩ። ነቅላችሁ ወርቃማውን ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መያዣው ቀጭ እስኪል መልሱት። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉ አሉ፤ ወርቁን ይዘውት ይሄዳሉ። ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን በየቀዳዳው ሞክሩ። ስፒከር ያለው ዴስክቶፕ ከሆነ ራሙን በሙሉ አውጥታችሁ አብሩት፦ ቢፕ እያለ ከጮኸ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም በሕይወት አሉ፤ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ይዞራል። የቢፕ ቁጥር ትርጉም ከባዮስ ባዮስ ይለያያል፤ የሌላውን ሠንጠረዥ አታንብቡ። ዲዲአር5 የሚባለው የራም ዓይነት ያለው አዲስ ማሽን ግን መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪያስተካክል ደቂቃዎች በጥቁር ስክሪን ሊቆይ ይችላል፤ ቸኩሎ ያጠፋው ሰው እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ስክሪኑ ጨልሞ ኪቦርዱ ላይ ነም ሎክ ሲጫን መብራቱ በርቶ ከጠፋስ? ማሽኑ ምናልባት ፖስትን አልፏል፤ ሞኒተሩንና ኬብሉን እዩ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱንና የባዮስ ምርጫዎችን የምትጠብቀው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ጉዳይ ነው፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። ዴስክቶፑ ማታ ማታ ከሶኬት እየተነቀለ፣ መብራትም እየጠፋ የሚሠራ ከሆነ ቶሎ ትደክማለች። ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የባዮስ ምርጫዎችም ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ የዲስኩ አሠራር ነው፦ ዊንዶውስ ኤኤችሲአይ በሚባለው አሠራር ተጭኖ ባዮሱ ሬይድ ወደሚባለው ከዞረ ፖስት ያልፋል፣ ዊንዶውስ ግን ዲስኩን አጥቶ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። መካሪያችን አሁንም «ፎርማት!» ይላል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ በዲሊት ወይም በኤፍ2 ባዮስ ገብታችሁ ምርጫውን መልሱት። ባዮስ ከመነካካታችሁ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዙን መክፈቻ አዘጋጁ፣ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሌላ ጉዳት ከሌለ ዊንዶውሱ ከነፋይሉ ይነሳል።