የእስስት ጎጆ ውስጥ ምን ይተከል?

ሰው ቤት ውስጥ በተሠራላት ጎጆ የምትኖር እስስት አብዛኛውን ጊዜ ከሳህን ውሃ አትጠጣም። ሳህኑ አጠገቧ ተቀምጦ በውሃ ጥም ልትጎዳ ትችላለች። ቅጠል ላይ የተንጠለጠለች ጠብታ ስታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱን ዓይኗን ወደ ጠብታዋ ታዞራለች፤ ሌላው ዓይን አሁንም አካባቢውን እየቃኘ ነው። ቀስ ብላ ትጠጋለች። አፏን ከቅጠሉ ጫፍ ጋር ታገናኛለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ጎጆው ውስጥ ሕይወት ያለው ተክል ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

ተክሉ ውሃ ማጠጫ ብቻ አይደለም። መወጣጫ ነው፣ ጥላ ነው፣ መደበቂያ ነው። የእስስት እግር አምስት ጣት አለው፤ ጣቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ተቧድነው እንደ ጉጠት ይቆነጥጣሉ። ይህ እግር የተሠራው ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ነው። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ስትሄድ የምትቸገር የምትመስለውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እስስት ብቻዋን የምትኖር እንስሳ ናት፤ መታየት ያስጨንቃታል። ባዶ ሣጥን ውስጥ ከአራቱም በኩል ስትታይ የምትውል እስስት ቀለሟ ይጠቁራል፣ ምግብ ትተዋለች። ቅጠል ኋላ መሰወር ስትችል ግን ትረጋጋለች። የሚገርመው፣ መደበቂያ ያላት እስስት ከሌላት ይልቅ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ወጥታ ትታያለች።

የፕላስቲክ ቅጠልስ? ውሃ ይይዛል፣ መሰወሪያም ይሆናል። ነገር ግን ቅጠል የምትበላ እስስት ፕላስቲኩንም ልትገምጥ ትችላለች። የተዋጠ ፕላስቲክ አይፈጭም፤ አንጀት ይዘጋል። ስለዚህ እኔ ሕይወት ያለውን ተክል እመርጣለሁ።

ምርጫው የሚጀምረው ግን ከተክሉ ሳይሆን ከእስስቷ ዓይነት ነው። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዝርያዎች አሉ። በሰው ቤት በብዛት የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው። መነሻዋ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ የሆነችው፣ አናቷ ላይ ረጅም ዘውድ የመሰለ አጥንት ያላት የየመን እስስት ቅጠል በላ ናት። ነፍሳት ዋና ምግቧ ቢሆኑም ቅጠል፣ አበባና ፍራፍሬ ትገምጣለች። የማዳጋስካሯ ፓንተር እስስት እና ባለ ሦስት ቀንዱ የኬንያና የታንዛኒያ ተራሮች ነዋሪ የጃክሰን እስስት ግን ተክል እምብዛም አይነኩም። ስለዚህ ያው አንድ ተክል ለአንዷ ጌጥ፣ ለሌላዋ እራት ነው። የየመን እስስት ያለው ሰው ጎጆው ውስጥ የሚያስገባውን ቅጠል ሁሉ «ነገ ትበላዋለች» ብሎ ማሰብ አለበት።

«ይህ ተክል መርዝ ነው፣ ያኛው ደህና ነው» የሚሉ ዝርዝሮች በየቦታው አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። በጣም የታወቀው ዝርዝር በ1866 የተቋቋመው የአሜሪካ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር የሚያወጣው ነው። እሱ የሚናገረው ስለ ውሻ፣ ስለ ድመትና ስለ ፈረስ ነው። እስስት ደግሞ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አትመሳሰልም። ስለ እስስት የሚታወቀው ብዙው ነገር የመጣው ለዓመታት እያረቡ ካስተዋሉ ሰዎች ልምድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌው ፖቶስ ነው። የልብ ቅርጽ ያለው፣ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኝ ሐረግ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር እንደ ጥቃቅን መርፌ ሆኖ ተቀምጧል። ውሻ ሲያኝከው አፉ ይቃጠላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ሆኖም ፖቶስ በእስስት ጎጆዎች ውስጥ በብዛት ከሚገኙ ተክሎች አንዱ ነው፤ የየመን እስስቶች ሲገምጡትም ብዙ ጊዜ የሚታይ ጉዳት አይደርስባቸውም። የቅርብ ዘመዱ ፊሎደንድሮን ያንኑ ክሪስታል ይዞ «አታስገቡ» የሚባሉት ውስጥ ይመደባል። ልዩነቱ የኬሚስትሪ ሳይሆን የልምድ ነው። ሁለቱን ለመለየት አዲስ ቅጠል ሲወጣ ማየት ነው። የፊሎደንድሮን ቅጠል በስስ ልባስ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ልባሱ በኋላ ደርቆ እንደ ወረቀት ይረግፋል። ፖቶስ ይህ ልባስ የለውም፤ አዲሱ ቅጠል ከቀድሞው አገዳ ውስጥ ተጠቅልሎ ብቅ ይላል። የእኔ ምክር፣ እስስቷ ቅጠል የምትወድ ከሆነ ፖቶሱን ወደ ኋላ አድርጉት፤ ከፊት የሚበላ ነገር ይኑር።

የሚበላው ነገር ደግሞ ሂቢስከስ ነው። ቅጠሉም አበባውም ይበላል። ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ የትልቅ ወንድ እስስት ክብደት ይሸከማል። አበባው ሲፈካ የየመን እስስት አፍ ሙሉ ስትገምጠው ማየት ደስ ይላል። ችግሩ ሂቢስከስ ብርሃን በጣም ይፈልጋል፤ ጨለም ያለ ጎጆ ውስጥ ቅጠሉን ያራግፋል። ሌላ ችግርም አለው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሼፍሌራ፣ ማለትም ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው፣ ብዙ አርቢዎች የሚመርጡት ተክል ነው። ለስላሳ ሰፊ ቅጠሉ ጠብታ ይይዛል፣ ቁመቱም ይረዝማል። እሱም ካልሲየም ኦክሳሌት አለው፤ ስለ ፖቶስ የተባለው ለእሱም ይሠራል። ፊከስ ቤንጃሚና ደግሞ ትንሽ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ የተጠላለፈ፣ መውጫ መግቢያው ብዙ ነው። ሲቆረጥ ግን ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ይህ ወተት ቆዳና ዓይን ያሳክካል። የእስስት ዓይን ወጣ ያለ ስለሆነ ቅጠል ለቅጠል ስትሽሎከለክ ወተቱ በቀላሉ ይነካዋል። ስለዚህ ፊከስ ከጎጆ ውጭ ይከረከማል። ቁርጡ በውሃ ይታጠባል። ወተቱ ደርቆ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ከዚያ ይመለሳል። ቦታ ሲቀየርለት ቅጠሉን ቢያረግፍ አትደንግጡ፤ ልማዱ ነው፣ ያገግማል።

ስፓይደር ፕላንት፣ የቦስተን ፈርን እና ፔፐሮሚያ ገር ናቸው። ክብደት ስለማይሸከሙ ታች ይቀመጣሉ፤ እርጥበት ይጠብቃሉ። አሬካ የሚባለው ዘንባባም ይሆናል።

ዘንባባ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሳይካስ የሚባለው ተክል ዘንባባ ይመስላል፤ ዘንባባ ግን አይደለም። ሳይካሲን የሚባል ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አለው። ልብ የሚያውኩት ኦሊያንደር እና እንዳሁላም ከጎጆ ይራቁ። አዛሊያ፣ ዲፈንባኪያ፣ የጉሎ ተክል፣ አጠፋሪስ፣ የአቮካዶ ቅጠልም እንዲሁ። ነጭ ወተት የሚያፈሰው የቁልቋል ወገን በሙሉ አይገባም፤ ቀይ ቅጠል ያለው ፖይንሴቲያም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እሾህ ያለው ማንኛውም ነገር መርዝ ባይኖረውም ለዓይኗና ለእግሯ አደጋ ነው።

ስሙ ደህና የሆነ ተክል መግዛት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ተክሉ ላይ የተረጨው ነው። እኔ ከተክሉ ስም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተክል ሻጭ ተክሉን የሚያሳድገው ለዓይን እንዲያምር ነው። ማንም ይበላዋል ብሎ አያስብም። ስለዚህ ፀረ ተባይ ይረጫል፣ ቅጠል ማብለጭለጫ ይቀባል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል። ስለ ሂቢስከስ ወደ ኋላ ያልኩትም ይህንኑ ነው። ተባይ በጣም ይወደዋል፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ ይበዛበታል። ለመብላት ደህና የሆነው ተክል መርዝ ተሸክሞ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው ማለት ነው።

ፀረ ተባይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ሲታጠብ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከሥር ተመጥቶ ወደ ቅጠል፣ ወደ አበባ፣ ወደ አበባው ወለላ ሳይቀር ይገባል። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ተክሉ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን እጥበት አያወጣውም። ጊዜ ብቻ ነው የሚቀንሰው። በዚያ ላይ ለምግብ የተለቀቁ ፌንጣዎች መጀመሪያ ቅጠሉን ይበላሉ፤ እስስቷ ደግሞ እነሱን። ቅጠል የማትበላ እስስት ያለውም ሰው እንግዲህ አላመለጠም።

አዲስ ተክል ቤት ሲገባ በቀጥታ ወደ ጎጆ አይሄድም። በመጀመሪያ የቅጠሉ ላይኛውም ታችኛውም ገጽ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በደንብ ይለቀለቃል። ቀጥሎ ከነሥሩ ይወጣል። የመጣበት አፈር በሙሉ ይራገፋል፣ ሥሩ ይታጠባል። በዚያ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ትናንሽ እንክብሎች ይገኛሉ። ነጩና ቀላሉ ፐርላይት ነው፤ ክብ የሆነው ባለ ቀለም ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው። ሁለቱም መዋጥ የሌለባቸው ናቸው። ተክሉ ምንም ያልተጨመረበት አፈር ውስጥ እንደገና ይተከላል። ከዚያ ለሳምንታት፣ ቢቻል ለወራት፣ ከጎጆ ውጭ ይቆያል። አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ የቀድሞው እየረገፈ ይሄዳል። ትዕግስት የሌለው ሰው ከንጹሕ ተክል ቁራጭ ለምኖ ማርባት ይችላል። ፖቶስ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ስፓይደር ፕላንት ራሱ ልጆች ያንጠለጥላል። ምን እንደተረጨበት የምታውቁት ተክል ከሁሉ ይበልጣል።

አፈሩም መሸፈን አለበት። የእስስት ምላስ ከሰውነቷ ርዝመት በላይ ይወነጨፋል፣ ጫፉም ያጣብቃል። ፌንጣው አፈር ላይ ከቆመ አፈሩም አብሮ ይገባል፤ ሲደጋገም አንጀት ይዘጋል። ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ይበቃል። ልኩ ግን ከእስስቷ ራስ የሚበልጥ ይሁን፤ ትንሽ ጠጠር ራሱ ይዋጣል።

ጎጆው ውስጥ የሚገባው ብርሃን የሁለቱም ነው። ላይ የሚሰቀለው የዩቪቢ መብራት፣ ማለትም ከፀሐይ ጨረሮች አንዱን የሚተካው፣ ለእስስቷ አጥንት ነው፤ ተክሉ ግን ብዙ ጊዜ በእሱ ብቻ አይጠግብም፣ ነጭ ኤልኢዲ ይጨመርለታል። ቅጠሉ ወደ ላይ ሲያድግ ደግሞ ዩቪቢውን ይጋርዳል። ስለዚህ መሞቂያዋ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ቅጠል ተከርክሞ ይገለጥ፣ ጎኖቹ ጥቅጥቅ ይበሉ። ፀሐይም ጥላም እሷ ትምረጥ። የሚረጨው ውሃ ብዙ ስለሆነ ማሰሮው ታች ቀዳዳ ይኑረው፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

ሴት እስስት ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የየመን እስስት ወንድ ባይኖርም እንቁላል ታዘጋጃለች። ጊዜዋ ሲደርስ ወርዳ ወለል ላይ ትንከራተታለች፣ የአበባውን ማሰሮ መቆፈር ትጀምራለች። ሥር የሞላው ጠባብ ማሰሮ ለዚህ አይመችም። የምትቆፍርበት ቦታ ካጣች እንቁላሉ ውስጧ ታፍኖ ሊገድላት ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ በተለየ ዕቃ ይዘጋጅላት። ስትቆፍርም ጎጆው ይሸፈን፤ የምትታይ ከመሰላት ታቋርጣለች።

ያላወቃችሁትን ቅጠል በልታ አፏ ካበጠ፣ ምራቋ ከተዝረበረበ፣ በቀን ዓይኗን ከጨፈነች ወይም ምግብ እንቢ ካለች ጊዜ አትስጡት። ወተትም ዘይትም አትጋቷት። የተገመጠውን ቅጠል ቆርጣችሁ፣ እሷንም ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ቅጠሉ ከእጃችሁ ካለ ሐኪሙ ከግምት አይነሳም።

ሁሉ ደህና ሲሆን የሚቀረው ተክሉን ማሳረፍ ነው። እስስት ትረግጠዋለች፣ ትገምጠዋለች፣ ትጸዳዳበታለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሁለት መያዝ ጥሩ ነው። አንዱ ጎጆ ውስጥ ሲሠራ ሌላው መስኮት ዳር አዲስ ቅጠል ያወጣል። ስትለዋውጡ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አትንቀሉ። የምትተኛበትን ቅርንጫፍ ማታ ፈልጋ እንዳታጣው አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ሳምንት ቀይሩ።