ከተቃጠለ ቆሻሻ አመድ ብረት ማውጣት ምንድን ነው?

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በግንባታ ጣውላ ፍልጥ ነው። በማግስቱ አመዱን ስዝቅ ሁሌም ሚስማር አገኛለሁ። ጠቁሯል፣ ተጣሟል፣ ግን ሚስማር ነው። ጣሳ ውስጥ ይጠራቀምና ቁራሌው ሲመጣ ይሸጣል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ሰፈራችን ከቆሼ ሩቅ አይደለም። ነሐሴ 2010 የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያና ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ተቃጥሎ ምን ይቀራል? የከተማ ቆሻሻ ሲቃጠል በአብዛኛው ከክብደቱ ሩብ ወይም አንድ አምስተኛው አመድ ሆኖ ይቀራል። ከ1,000 ኪሎ 200 እስከ 250 ኪሎ ማለት ነው። ይሄ ዝም ተብሎ ከተከመረ ሌላ ተራራ ይሆናል፤ መጋቢት 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የቀበርን ሰዎች ደግሞ ክምር ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን።

አመዱ ሁለት ዓይነት ነው። ከእቶኑ ሥር የሚወርደው ሻካራ ነው፤ ጠጠር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ማንኪያ፣ ሽቦ፣ ሳንቲም አለበት። እቶኑ ከ850 ዲግሪ በላይ ስለሚግል በ660 የሚቀልጠው አሉሚኒየም ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይገኛል። መዳብ ግን የሚቀልጠው በ1,085 ስለሆነ ሽቦው ብዙ ጊዜ እንደ ሽቦ ይቀራል።

ብረቱን ማግኔት ይለቅመዋል። አሉሚኒየምና መዳብ ማግኔት አይስባቸውም፤ ስለዚህ አመዱ በሚሄድበት ቀበቶ ጫፍ ውስጥ በጣም ፈጥኖ የሚሽከረከር ማግኔት ይገጠማል። ይሄ በአሉሚኒየሙና በመዳቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳና ገፍቶ ይወረውራቸዋል። ጠጠሩ እዚያው ሥር ይወድቃል፣ አሉሚኒየሙ ዘሎ ራቅ ብሎ ያርፋል። ሲያዩት ደስ ይላል! ስዊዘርላንድ ሂንቪል ውስጥ አመዱን በውኃ ሳያርሱ በደረቁ ስለሚያበጥሩት ወርቅ ሳይቀር ያወጣሉ። የተረፈው ጠጠር ለሳምንታት ሜዳ ላይ ይቆይና ኔዘርላንድና ዴንማርክ ውስጥ ከአስፋልት ሥር ይነጠፋል።

እውነቱን ለመናገር ግን የቁራሌው ሥራ ይበልጣል። አሉሚኒየም እሳት ከገባ ከፊሉ ይበላል፤ ቁራሌው የሚወስደው ሳይቃጠል ነው።

ሁለተኛው አመድ ከጭሱ ላይ በማጣሪያ የሚያዘው ዱቄት ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞች ይይዛል። ስዊዞች በአሲድ አጥበው ዚንክ ያወጡበታል፤ ያ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ በእጅ አይነካም። እናቴ ቀለም ያልነካው እንጨት አመድ ጎመኑ ሥር ትበትናለች። ያኛውን ዱቄት ግን ጓሮ ድርሽ እንዳታደርጉት።