ግእዝ፣ የጎጃም ቅኔ ቤቶችና አስተሳሰብ

ለጎጃም ቅኔ ተማሪ ሁለተኛ ቋንቋው ግእዝ ነው። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ ስላልሆነ ተማሪውም የኔታም ያገኙት በትምህርት ነው። ቅኔ ቤቱን ከሌላ የቋንቋ ትምህርት የሚለየው ከማንበብ ይልቅ በመድረስ ማስተማሩ ነው፤ ተማሪው ግሱን ገና ሳያጠናቅቅ ባለ 2 ቤቱን (ባለ 2 ስንኙን) ጉባኤ ቃና እንዲቆጥር፣ ማለትም እንዲደርስ፣ ይታዘዛል፣ ቀስ በቀስም ባለ 6 ቤቱን ሥላሴና ባለ 8 ቤቱን መወድስ ይደርሳል።

ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር የሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች መጠሪያ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ሊቃውንት ያፈሩ ደብሮች ናቸው። የቅኔን ጅማሬ ወደ ቅዱስ ያሬድ የሚወስዱ፣ ዮሐንስ ገብላዊን የሚያስቀድሙም አሉ፤ በጎጃም ግን የቅኔ አባት ተዋነይ ነው፣ ይህን የሚከራከር እንግዳም ብዙ ሰሚ አያገኝም።

ማታ ግስ ይወረዳል፦ «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል።» ሲነጋ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። ብራና የለም፣ ወረቀት የለም፤ የቆጠረውን በቃሉ ይዞ የኔታ ፊት ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል፣ ያማረለት «ይበል!» ይባላል። ዓይነ ስውሯ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸው ትምህርቱ ምን ያህል በጆሮና በልብ እንደሚኖር ያሳያል። አእምሮን ለመሳል አብሾ የጠጣ ተማሪ ወሬም አይጠፋም፤ አብሾ ግን መርዝ ነው።

ይህ ልፋት አስተሳሰብን የሚነካው በሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው ሰዋስው ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ግእዝ «ርእየ ብእሲ ንጉሠ» ብሎ መጀመር ይችላል። ባለቤቱና ተሳቢው የሚለዩት በቦታቸው ሳይሆን «ንጉሥ» «ንጉሠ» ሲሆን ነውና፣ ባለቅኔው ቃላቱን እንደ ልቡ ይበትናል፣ ሰሚው ደግሞ ቤቱ እስኪያልቅ ፍርዱን ያቆያል። ሁለተኛው ሰምና ወርቅ ነው። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሌባ ወሰደ ማለት ነው። ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ተማሪው ፀሐይዋን ያወጣታል፣ ያንኑ ጊዜ ሌባ ያደርጋታል፤ አንዱን ትርጉም ሳይለቅ ሌላውን መያዝ የዕለት ሥራው ነው።

የዘመኑ ምርምር ቅኔ ቤትን ባያይም ወደ ጉዳዩ ቀርቧል። ቦአዝ ካይሳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ያው ምርጫ «ይድናሉ» ወይም «ይሞታሉ» ተብሎ ሲቀርብላቸው በአፍ መፍቻቸው ሐሳባቸው ተለዋውጧል፤ በባዕድ ቋንቋ ግን መዋዠቁ ጠፍቷል። ምክንያቱ ባዕድ ቋንቋ ስሜትን ማራቁ ሊሆን ይችላል ይባላል። ሁለት ቋንቋ ትኩረትን ያጠነክራል የሚለው ግን፣ ቢወራም፣ በኋላ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች አልደገፉትም።

በአዊ በኩል ደግሞ አፉን በአገውኛ የፈታ ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ግሱ የሚፈታለት በአማርኛ ስለሆነ፣ «ቀተለ»ን ለመያዝ መጀመሪያ «ገደለ»ን መያዝ አለበት፤ ለእሱ ግእዝ ሦስተኛው ነው።